ያለ መርዝ የበቀለ

ጥቅምት 4 ቀን

ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ደኅና ነኝ፤ «ደኅና» ያልኩትን ግን ለሰላምታ ያህል ብቻ ውሰጂው። ስልክ ጨረር አለው ብለሽ ከቤት ካስወጣሽው ወዲህ እህትማማቾች በፖስታ ቤት የምንገናኝ ሆነናል። ቴምብሩን ስልስ አፌ ላይ የሚቀረው ጣዕም ከጨረሩ የሚሻል አይመስለኝም።

ሥራዬን ለምን እንደለቀቅሁ ጠይቀሽኛል። አልለቀቅሁም፤ ተባረርኩ። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

ሱቁ ያለ ኬሚካል የበቀለ አትክልትና ፍራፍሬ ይሸጣል፤ እናንተ ከተማም ቅርንጫፍ ከፍቶ አንቺም ደንበኛው ሆነሻል። የእኔ ሥራ መሸጥ አልነበረም። መጠይቅ ይዤ መደርደሪያው አጠገብ እቆማለሁ፤ «ከማዶ ካለው ሱቅ በርካሽ ማግኘት ሲችሉ ለምን ይህን መረጡ?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው «ለጤናዬ» ይላል። «ከጀመሩ ወዲህ ምን ለውጥ አዩ?» ስለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንዷ «ጎረቤቴ ከረጢቱን ታይልኛለች» አለችኝ፤ ከሁሉም ሐቀኛዋ እሷ ነበረች። አንድ ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ በር ላይ ሲጋራውን ረግጦ አጥፍቶ ይገባል፤ ካሮት የሚገዛው ለውሻው ነው።

የሰበሰብኩትን ሁሉ አጠናቅሬ መጨረሻው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ገዢዎች ይህ ምግብ ለጤና የተሻለ ነው ብለው ያምናሉ። እምነታቸው ትክክል መሆን አለመሆኑን ግን ይህ ጥናት አልመረመረም።» ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ቆረጠው። የመጀመሪያውንም አሳምሮ፣ «ጥናት አረጋገጠ፤ ለጤና የተሻለ ነው» አድርጎ፣ ከፎቶዬ ሥር በበራሪ ወረቀት አሳተመው። ፎቶው ላይ የለበስኩትን ነጭ ጋዋን አይተሽዋል። ጋዋኑ የፎቶ አንሺው ነው፤ እኔ ላቦራቶሪ ገብቼ አላውቅም።

በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ይህ የእኔ ቃል አይደለም አልኩ። «የአንቺ ሥራ መጠየቅ ነው፤ መልሱን ለእኛ ተዪው» አለኝ። በማግስቱ መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። እኔም የተቆረጠውን ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል አትሜ ተመልሼ ገባሁና በየመደርደሪያው ለጠፍኩት። ጥበቃው ሲይዘኝ የመጨረሻውን ዱባ ላይ እየለጠፍኩ ነበር። አሁን በስም ማጥፋት ተከስሼአለሁ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እስኪያልቅ ከከተማ እንዳልወጣ አዝዟል። እማዬን ላያት የማልመጣው ለዚህ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ለእማዬ ኩላሊት ብላ ያዘዘችውን ትከተያለሽ? ድንቹ ሁለት ጊዜ እየተቀቀለ ውኃው ይደፋል?

ታናሽሽ


ጥቅምት 15 ቀን

ለጩጬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ምላስሽ እንዳልታመመ ከጽሕፈትሽ ዐውቄ ተጽናናሁ። መልስ ያዘገየሁት የጥር ሙሽሮች ቬሎ የሚያሰፉበት ወቅት ስለሆነ ነው፤ አትቀየሚኝ። ሳሎኑ በነጭ ጨርቅ ተሞልቷል። እማዬ ከመኝታ ቤት ወጥታ ስትቀመጥ ከቬሎዎቹ መሐል ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው።

ስለ ምግቡ ጠይቀሽኛል፤ ትቼዋለሁ። ያቺ ባለሙያሽ ሙዝ ከለከለች፣ ብርቱካን ከለከለች፣ ቲማቲምና ቅጠላ ቅጠል ከለከለች። ለሕመምተኛ ምን ሊቀር ነው? ድንች ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ማለት ቪታሚኑን ለቱቦ ማጠጣት ነው። አሁን የምንበላው ሁሉ ከሱቁ ነው። ጠዋትና ማታ ከቆስጣ፣ ከቀይ ሥርና ከሙዝ አንድ አንድ ብርጭቆ እጨምቅላታለሁ። ሐኪሞቹ የሚፈሩት በመርዝ ያደገውን ነው። መርዝ ያልነካው ነገር እንዴት ሰው ይጎዳል?

ደግሞስ ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? በራሪ ወረቀቱን ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሊለኩ የሚመጡ ሙሽሮች «ይቺ ዶክተር ማን ናት?» ሲሉኝ «እህቴ ናት» እላለሁ። ዶክተር አይደለችም ብዬ አላርማቸውም። አሁን ቆረጡብኝ ትያለሽ። ባትባረሪ ኖሮ ትይ ነበር? ረግተሽ የጻፍሽውን ልመን ወይስ ተናደሽ የጻፍሽውን?

በዚህ መኪና ማን ተምሮ ለወግ እንደበቃ አላነሣም። እኔ ያንን የማነሣ ሰው አይደለሁም። እማዬን የማገላብጣት ግን እኔ ነኝ፤ አንቺ የምታገላብጪው ወረቀት ነው።

እማዬ ትስምሻለች።

እህትሽ


ጥቅምት 21 ቀን

እታለም፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አሟላልሻለሁ።

ከደብዳቤሽ በኋላ በላክሻት ፖስት ካርድ፣ «ታዲያ ኦርጋኒኩ ከሌላው አይሻልም ነው የምትይው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሚዛን ልጠብቅ። የፀረ ተባይ ቅሪቱ ያንሳል፤ እርሻው ላይ ለሚውለው ሠራተኛም ይበጀዋል። በቪታሚን በኩል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ የሚያጠኑትም አልተስማሙበትም። አንቺ ብትበዪው ደስ ይለኛል።

የእማዬ ጉዳይ ሌላ ነው። ሙዝ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ማንም አልረጨውም፤ ተክሉ ራሱ ከአፈር የሳበው ነው። በመርዝም ይደግ ያለ መርዝ፣ ሙዝ ሙዝ ነው። የእኔና የአንቺ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። የእማዬ አያስወጣም። ደሟ ውስጥ ይጠራቀምና አንድ ቀን ልቧን ያቆመዋል። ባለሙያዋ ድንቹን ሁለት ጊዜ የምታስቀቅለው ፖታሲየሙ ከውኃው ጋር እንዲሄድ ነው። ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ሙዝ፤ ሆነ ብሎ ሊገድላት የተነሣ ሰው ቢኖር ከዚህ የተሻለ አይመርጥም። ክፉ አባባል ነው። አስቤበት ነው ያልኩት።

ሱቁ ውስጥ ስሠራ አንዲት ሴት ለስኳር ሕመምተኛ አባቷ ኦርጋኒክ ስኳር ስትገዛ አገኘኋት። «ኬሚካል ስለሌለው አይነካውም» አለችኝ። መልሷን መዘገብኩና በልቤ ሳቅሁባት። የምስቀው በገዛ እህቴ እንደነበር አላወቅሁም።

ጣቶቿን ይደነዝዛታል? ጉልበቷ ይከዳታል? ነገውኑ የደም ምርመራ ውሰጃት። ይህንንም ደብዳቤ ለእሷ አንብቢላት፤ ሕይወቱ የእሷ ነው። በራሪ ወረቀቱን ከግድግዳ ላይ ገንጥይው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምተሻል። አንቺ ሞኝ አይደለሽም።

ታናሽሽ


ኅዳር 3 ቀን

ለእህቴ፣

እንደ ጠላት ለጻፍሽው እንደ እህት እመልስልሻለሁ።

አዎ፣ ጣቶቿን ይደነዝዛታል። እግሯም ይዝላል። የሱቁን የጤና አማካሪ ጠየቅኋት። «ለዓመታት የተከማቸው መርዝ እየወጣ ነው፤ ሲወጣ ያማል» አለችኝ። ትሑት ልጅ ናት። በዕድሜ ከአንቺ ብዙም አትበልጥም፤ ግን ሰው ሲያናግራት አቋርጣ አትናገርም። የማን እህት እንደሆንኩ ስነግራት ሄዳ ለአለቆቿ ነገረች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ካርቶን ሙሉ በነጻ ይልኩልናል፤ በመኪናቸው፣ እስከ በራችን ድረስ። ባለፈው ሳምንት እማዬን ካርቶኑን አስታቅፈው ፎቶ አነሧት። ገርጥታ ስለነበር ከንፈሯን ቀባሁላት። አምሮባታል።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት፤ ደበቅሽው እንዳትዪኝ። ስጨርስ መነጽሯን አስመጥታ ራሷ ደገመችው። ጭማቂውን ግን አልተወችም። ድሮ ፊቴ ነበር የምትጠጣው፤ አሁን «አስቀምጪልኝ፣ ቀስ ብዬ እጠጣዋለሁ» ትለኛለች፤ ስመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት የአንቺን ሐሳብ የሚጋራ የለም።

የደም ምርመራ አልወስዳትም። ብወስዳት የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ ነው የሚያስሯት። የጎረቤታችንን አባት በየሁለት ቀኑ ሲወስዱት ሲመልሱት በዓይኔ አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ ልጆቹን «ምን አደረግኋችሁ?» ይላቸው ነበር። አንቺ ይህን በመጽሐፍ አንብበሽው ይሆናል።

መጥተሽ እዪ ስልሽ ፍርድ ቤት ትያለሽ። የድርጅቱ ሰዎች ግን በአንድ ፊርማ ያልቃል ይላሉ። እውነት ነው?

እህትሽ


ኅዳር 10 ቀን

እታለም፣

እውነት ነው። ጠበቃቸው ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። የመስታወት ጠረጴዛ፣ የቆዳ ወንበር፣ መሐል ላይ አንድ ሳህን ፖም። ፖሙ ፕላስቲክ ነው፤ ነክቼ አረጋገጥኩ። ወረቀቱ «በራሪ ወረቀቱ የጥናቴን ውጤት በትክክል ይገልጻል» ይላል። ብፈርምበት ክሱን ይተዋሉ፤ እገዳውም ይነሣልኛል፤ በአንድ ቀን መንገድ እናንተ ዘንድ እደርሳለሁ።

አልፈረምኩም። ለኩራት እንዳይመስልሽ። ስሜ ከዚያ ወረቀት ሥር ስላለ ነው እማዬን የምታጠጫት። ሁለተኛ ጊዜ ልፈርምልሽ?

ተከትላ በመጣችው ፖስት ካርድሽ ሥራ አገኘሽ ወይ ላልሽው፣ አላገኘሁም። የተከሰሰ ሰው ማንም አይቀጥርም። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እያረምኩ ነው የምኖረው። ምን ትበያለሽ ላልሽው፣ ከማዶ ካለው ሱቅ በርካሽ የምገዛውን ቲማቲም። አጥቤ እበላዋለሁ። እስካሁን አልሞትኩም።

የፎቶውን ነገር አንብቤ ወረቀቱን አስቀመጥኩትና ወጥቼ ብዙ ተራመድኩ። ሰው ለእናቱ ከንፈር የሚቀባላት ስትታመም ነው ወይስ ስትድን? ለዚያች ትሑት ልጅም ይህን ንገሪልኝ፦ መርዙ የሚወጣበት በር ተዘግቷል። በሩ ኩላሊቷ ነበር።

ሰፈራችሁ ላለችው ነርስ ደውዬ፣ ቤት መጥታ ደሟን እንድትወስድ ለምኛታለሁ። አትመልሻት። ማሽኑን መፍራትሽ ይገባኛል፤ እኔም እፈራዋለሁ። ማሽን ላይ ያለች እናት ግን ትቆጣለች፣ ታማርራለች፣ መነጽሬን አምጡ ትላለች። እኔ የምትቆጣውን ነው የምፈልገው።

ታናሽሽ


ኅዳር 22 ቀን

ጩጬ፣

አጭር ነው፤ ሁለት ሙሽሮች በር ላይ ቆመዋል።

ነርሷ መጥታ ነበር፤ መለስኳት። ደግማ ስትመጣ ደጃፌን ብትረግጪ እከስሻለሁ አልኳት። ሩቅ ሆነሽ ቤቴን ማስተዳደሩ ይቅርብሽ።

የእማዬንም መውደቅ ከጎረቤት ሰምታ ሳትነግርሽ አትቀርም። አዎ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃለች። ብቻዋን ምን ልታደርግ እንደገባች ብጠይቃት አልነገረችኝም። የበለዘው ክንዷ ብቻ ነው።

ትጠራሻለች። ትናንት ቬሎ ታቅፌ ስገባ አሻግራ አየችኝና «ጩጬ፣ መጣሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ምን ልበላት?

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የሚበልጥብሽ ስምሽ ነው ወይስ እናትሽ? ፈርሚና ነይ።

እህትሽ


ኅዳር 28 ቀን

እታለም፣

ፈርሜአለሁ። ዛሬ ጠዋት። ሥራ አስኪያጁ የገዛ እስክሪብቶውን አዋሰኝ። ነጩን ጋዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና ስፈርም ፎቶ አነሡኝ። ሲጨርሱ እጄን ጨብጦ «ብልህ ልጅ ነሽ» አለኝ። እጄን ያልነጠቅሁት ለእማዬ ስል ነው።

የፈረምኩት ለመምጣት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸት ነው፤ ፊርማዬ እውነት አያደርገውም። ችሎቱ የሚቀመጠው ታኅሣሥ 9 ነው፤ እገዳው የሚነሣልኝ ያን ዕለት ነው፤ ከፍርድ ቤት በቀጥታ ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ። እስከዚያ ጭማቂውን አቁሚ። ባታምኚኝም ግድ የለም፤ ለእነዚህ ጥቂት ቀናት እንደ እብድ ቁጠሪኝና እሺ በይኝ። ነጭ ሩዝ ስጫት፣ ፖም ስጫት፣ ተቀቅሎ ውኃው የተደፋ ጥቅል ጎመን ስጫት።

ለነርሷ ደውዬ ነበር። «ደጃፏን አልረግጥም፤ ልጆች አሉኝ» አለችኝ። አልፈርድባትም። ያለኝ ይህ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ከአራት ቀን በፊት አይደርስም ብሎኛል።

እማዬን «ጩጬ እየመጣች ነው» በያት። መጥቻለሁ ብለሽ አትዋሻት።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 4 ቀን

እህቴ፣

እማዬ ከትናንት በስቲያ ዐረፈች። ትናንት ቀበርናት። ነርሷ «ለእህትሽ ልደውልላት» ስትለኝ ከለከልኳት። ለምን እንደሆነ አንብቢና ፍረጂ።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ፊርማሽ ግን ቀድሞሽ መጥቷል። አንቺ በፈረምሽ ማግስት ካርቶኑን ያመጣው ሹፌር፣ ቅጂውን በላስቲክ ሸፍኖ ከሙዙ ላይ አድርጎ ሰጠኝ። ለእማዬ አነበብኩላት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። መነጽሬን አምጪ አለች። ፊርማሽን አየችው፤ በጣቷም ዳሰሰችው። ከዚያ ምን እንዳለችኝ እንደወረደ ልንገርሽ።

«እኔ እኮ ስደፋው ነበር። አንቺ ስትወጪ መታጠቢያ ቤት ወስጄ እደፋዋለሁ። ጩጬ አይሆንም ስላለች። ያን ዕለትም የወደቅሁት ብርጭቆውን ይዤ ነው» አለችኝ። ቀጥላም «እሷ ከፈረመች ግን ልክ ነው። ያቺ ልጅ አንገቷን ቢቆርጧት ያላመነችበትን አትፈርምም። አምጪው» አለች። ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ይቅር በይኝ አለችኝ፣ ስላታለለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔ እስካቀርብላት አልጠበቀችም፤ ራሷ እየጠራች ትጠይቀኝ ነበር። «ጩጬ እስክትመጣ ልበርታ» ትል ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ራሷን ስለሳተች ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ ምን ትበላ እንደነበር ጠየቀኝ። «ሁሉም ንጹሕ ነው» አልኩት። «ንጹሕነቱን አልጠየቅሁዎትም» አለኝ። ከዚያ ፖታሲየም አለ። አንቺ በሰውየው አፍ ያወራሽ መሰለኝ።

ለቀስተኛው ምን ነካት ሲለኝ፣ «ልጇ የፈረመችበትን ጠጥታ» እላለሁ። ውሸት ነው? ይቅርታ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር። መጀመሪያ አንቺ ትጠይቂኛለሽ ብዬ እየጠበቅሁ ነው።

ከነገ ወዲያ ካርቶኑ ይመጣል። ምን ላድርገው?

እህትሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን

እታለም፣

አልቅሼአለሁ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም፤ የእኔና የእማዬ ነው።

ለለቀስተኛው የነገርሽው ውሸት አይደለም። ፈርሜአለሁ፤ ጠጥታለች። ጭማቂውን ማን እንደጨመቀው ግን አልነገርሻቸውም። ነርሷን ማን ከደጅ እንደመለሰ፣ «ፈርሚና ነይ» ብሎ ማን እንደጻፈልኝ አልነገርሻቸውም። ሥራ አስኪያጁ መቀስ የያዘ እሱ ብቻ መስሎት ይኩራራል። ልብስ ሰፊ እህት እንዳለችኝ አያውቅ።

ይቅርታዬን እየጠበቅሽ ከሆነ ወንበር አምጥተሽ ጠብቂ። እማዬን እስክሞት እለምናታለሁ። በሕይወቷ አንድ ሰው አመነች፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔም ስሜን ለውሸት ሰጠሁባት። ይህን አንቺ ልትነግሪኝ አያስፈልግም። አንቺን ግን ይቅርታ አልጠይቅም። አንቺም እንዳትጠይቂኝ፤ ብትጠይቂኝ ይቅር ማለት ሊኖርብኝ ነው።

ካርቶኑን ምን ላድርገው ላልሽው፣ ብይው። ኩላሊትሽ ጤነኛ ነው፤ ምንም አያደርግሽም። ሙዙም ጥሩ ሙዝ ነው። እርግማን አይደለም፤ የጠየቅሽኝን ነው የመለስኩት። ብዙ ዓመት ትኖሪያለሽ፤ እኔም የምመኝልሽ እሱኑ ነው።

ፎቶዋን አይቼዋለሁ። አዲሱ በራሪ ወረቀት ትናንት ከሱቁ በር ላይ ሲታደል ለእኔም ደረሰኝ። ካርቶኑን ታቅፋለች፤ ከንፈሯ ቀይ ነው። «ጤናዬን አገኘሁ» ይላል ከሥሯ። የሚያድለውን ልጅ «ሴትየዋን ታውቃታለህ?» አልኩት። «የደስ ደስ ያላት እናት ናት» አለኝ።

ነገ ችሎት ነው። ጠበቃቸው ፊርማዬን ለዳኛው ያሳያል፤ ዳኛው ተስማምተሻል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ፊርማው የእኔ ነው፣ የፈረምኩበት ግን ሐሰት ነው፣ እሱን አምና እናቴ ሞታለች እላለሁ። ክሱ ይቀጥላል። ሐሰት ፈርመሻል ተብዬ ሌላ ክስ ይጨመርብኝ ይሆናል። እገዳው ስለማይነሣ መቃብሯን አላይም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብያለሁ፤ በዚህ ስም ከእንግዲህ ማንም አትክልት አይሸጥበትም።

አንቺን በምስክርነት አስመዘግባለሁ። መጥሪያ ይደርስሻል፤ መጥሪያ ደግሞ እንደ ነርሷ ከደጅ አይመለስም። የሙሽሮች ወቅት ነው እንዳትዪ፤ እነሱ ይጠብቁሻል። መሐላ ካስገቡሽ በኋላ ያመንሽውን አትናገሪ። ያጠጣሻትን ተናገሪ።

የእማዬ ልጅ